የእናቴ ሃያ ኪሎ

ሐሙስ ንጋት፣ ኮምቦልቻ

ወፍ ሳይንጫጫ ተነስቼ ሻንጣዬን በጋሪ አስጭኜ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ወረድኩ። ማረፊያ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ የነፋስ ከረጢት የተሰቀለበት ምሰሶና አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ከብት የሚባረርበት ሜዳ ነው። ቢሆንም ልቤ ይመታል። ዕድሜዬን ሙሉ አውሮፕላን ያየሁት ከታች ወደ ላይ አንጋጥጬ ነው፤ ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ።

የምሄደው እናቴን ላመጣ ነው። እናቴ እመት ሰዓዳ ዓይኗን ልትታከም ብላ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ወንድሜ ሁሴን ዘንድ ከገባች ዓመት ሊሞላት ነው። ዓይኗ ድኗል፤ እሷ ግን አልመጣችም። «ለረመዳን እመጣለሁ» አለች፤ ረመዳን አለፈ። «ለአረፋ» አለች፤ አረፋም አለፈ። ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ ያለው ቤቷ ተዘግቶ ሸረሪት አድርቶበታል። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፤ ባል የለኝም፤ ማታ ስገባ የምነዘንዘውና የሚነዘንዘኝ ሰው እናቴ ብቻ ነበረች። ናፈቀችኝ፤ ናፍቆቱ ሲበዛ ደግሞ ንዴት ሆነ። የግማሽ ዓመቱ እረፍት ሲደርስ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። የጣርማ በርን መንገድ በአውቶቡስ ወገቧ አይችለውም ብዬም ለእኔ ደርሶ መልስ፣ ለእሷ መመለሻ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጥኩ። እንግዲህ ምን ምክንያት ታመጣ ይሆን እያልኩ ነው የሄድኩት።

በቆርቆሮው ቤት በር ላይ የቆመው ሚዛን የእህል ሚዛን ነው። «ለአንድ ሰው ሃያ ኪሎ» ይላል መዛኙ፣ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አዲስ። የእኔ ሻንጣ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ፈታሹ ወታደር የቅቤ ጣሳዬን አስከፈተና በረጅም ሽቦ ወጋ ወጋ አደረገው።

«ምን ይገኛል ብለህ ነው?» አልኩት።

«ሥራዬ ነው እህቴ» አለና ሽቦውን በቅጠል ጠርጎ ወደሚቀጥለው ሰው ማር ተሻገረ።

አለቀ ስል መዛኙ «አሁን ደግሞ አንቺ ውጪበት» አይለኝ መሰላችሁ! አውሮፕላኗ ትንሽ ስለሆነች ሰውም ይመዘናል። ከኋላዬ የቆመው የአንድ ተማሪዬ አባት ነው። መዛኙ ክብደቴን ጮክ ብሎ ጠራው፤ የተማሪዬ አባት ጨዋ ሰው ነውና ቀና ብሎ ሰማይ ማየት ጀመረ።

ሐሙስ ረፋድ፣ ከሰማይ ወደ ጉለሌ

መብረር ደስ ይላል። ይህን ሳላፍር እጽፋለሁ። ዳኮታዋ ሜዳውን እየዘለለች ሮጣ ስትነሳ ወንበሬን በሁለት እጄ ጨበጥኩ፤ ከዚያ ግን ቦርከና እንደ ክር ተዘርግቶ፣ ማሳው በአራት ማዕዘን ተቆርጦ፣ የማውቀው አገር ሁሉ እንደማላውቀው ሆኖ ታየኝ። አንድ ቄስ ከጎኔ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። እኔም በልቤ ፋቲሃዬን ቀርቼ ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም። ይህ ሁሉ እያለ ማን ይጨፍናል!

ቦሌ ስንደርስ ደስታው አበቃ። ሻንጣ የሌለን አምስት ስድስት ሰዎች ባዶውን ጋሪ ከበን ቆምን። «አውሮፕላኗ ከብዷት ጥቂት ሻንጣ ወርዷል፤ ነገ በሚመጣው ይደርሳል» አለን ሠራተኛው በትሕትና። እኔን ጭነው ቅቤዬን ካወረዱ፣ መመዘኔ ምን ጠቀመ? ወንድሜ ሁሴን ሊቀበለኝ መጥቷል፤ ገና ሳይስመኝ ሳቀብኝ።

የመጣነው በጎረቤቱ በአቶ ደሳለኝ ታክሲ ነው። አቶ ደሳለኝ ጴንጤ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው በዚያ ሰሞን ስለታሸገ የመኪናውን መሪ ይዘው መዝሙራቸውን በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ፤ ወታደር ሲያዩ ያቆማሉ፤ ሲያልፉ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባችው ሴይቼንቶ አብዮት አደባባይን ስታቋርጥ የሦስቱን ፂማም ፈረንጆች ሥዕል አየሁ። ፒያሳን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፤ የባሕር ዛፍ ሽታ በመስኮት ገባ። ጉለሌ እንዲህ ነው፤ ከማየታችሁ በፊት ይሸታችኋል። ግራና ቀኝ የጭቃ ቤት፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ በየደጁ ጎመንና ቀይ አበባ፣ ከላይ ደግሞ ጥቁር አረንጓዴው እንጦጦ። እኔ የቆላ ሰው ነኝ፤ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ፤ ግን እውነት ለመናገር አገሩ ያምራል።

እናቴ ቤት የለችም። «ሱቅ ናት» አለ ሁሴን። «ሁልጊዜ ሱቅ ናት።»

የሁሴን ሱቅ ጳውሎስ፣ ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ነው። ሳሙና፣ ፎጣ፣ ፔርሙዝ፣ ብስኩትና ሻማ ይሸጣል፤ ደንበኛው አስታማሚ ነው። እናቴ ደጁ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ የሆስፒታሉን በር ታያለች። አቀፈችኝ፣ ሳመችኝ፣ ጉንጬን ይዛ «ከስተሻል» አለች። እንባዬ ገና ሳይደርቅ ትከሻዬ ላይ አሻግራ አየችና፦

«በጥሩ ሰዓት መጣሽ። ያንን ሰውዬ ጥሪልኝ» አለችኝ።

ዞር አልኩ። ሽርጥ ያገለደመ፣ ጆንያ የተሸከመ፣ አንዲት በጋቢ የተጠቀለለች ሴት የደገፈ ሰው አስፋልቱ ዳር ቆሞ መኪናውንም ሰውንም በእኩል ይፈራል።

«ማነው?»

«አላውቀውም። የእኛ አገር ሰው ነው። አቋቋሙን አታይም?»

እውነትም የባቲ ሰው ነው። ሰይድ ይባላል፤ የደገፋት ሚስቱ ናት፤ ሆዷ ውስጥ እጢ አለ ተብላ ከደሴ ወደዚህ ተልካለች። እናቴ ጆንያውን ከትከሻው አወረደችና ሱቅ አስገባችው፤ ሴትየዋን ዱካው ላይ አስቀመጠቻት፤ ወረቀቷን ለእኔ ሰጥታ «አንብቢ፣ የትኛው ክፍል ይላል?» አለችኝ። ከዚያ ተከታትለን ገባን። ዘበኛው ለእናቴ ቆብ አነሳ። ካርድ የሚያወጣው ልጅ «እመት ሰዓዳ፣ ደግሞ ሰው አመጡ?» አላት። እኔ ከጉዞ መጥቼ ውሃ እንኳ ሳልጠጣ እስከ ከሰዓት በኋላ ወረፋ ይዤ ቆምኩ።

ዓርብ፣ እንደገና ቦሌ

ሻንጣዬን ለማምጣት እናቴም አብራኝ መጣች። ሠራተኛው ሻንጣውን ከነቅቤው አውጥቶ ሲሰጠኝ እናቴ ዙሪያውን አየች።

«ማን ይዞት መጣ?»

«ማንም። ብቻውን ነው የመጣው።»

«ሰው ሳይዘው? ባለቤቱ ሳይኖር?»

«ሳይኖር።»

«ሱብሃነላህ!» አለች። መንገዱን ሙሉ በዚህ ስትደነቅ ነበር። የአገሬ ሰው ዕቃ የሚልከው በሰው እጅ ነው፤ ሰው ከጠፋ በሾፌር እጅ። ሻንጣ ቲኬት ተቆርጦለት ብቻውን መምጣቱ አእምሮዋ ውስጥ እንዴት አድርጎ እንደተቀመጠ ያን ጊዜ አላወቅሁም። እኔ የማስበው ቅቤው ሻንጣዬ ውስጥ ስላደረገው ነገር ነበር። አንድ ቀሚሴ እስከ ዛሬ ይሸታል።

ቅዳሜ፣ እንጦጦ

ዛሬ ለማየት የምመኘውን አየሁ። አቶ ደሳለኝ «እንግዳ መጥታማ እንጦጦን ሳታይ አትሄድም» ብለው እኔን፣ እናቴንና ሁሴንን ጫኑ። ሴይቼንቶዋ አቀበቱ ግማሽ ላይ ጭሳ ቆመች።

«ፈላች» አሉ አቶ ደሳለኝ ምንም ሳይደንቃቸው። «ትንሽ ትንፈስ።»

እሷ ስትነፍስ እኛ ገፋን። እናቴ ብቻ ውስጥ ቀረች፤ በመስኮት ብቅ ብላ «በርቱ!» ትለናለች። ቁልቁል የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ያጎነበሳቸው ሴቶች ይወርዳሉ። እናቴ ባለፉ ቁጥር «አላህ ያግዛችሁ» ትላለች፤ እነሱም ቀና ሳይሉ «አሜን እናቴ» ይላሉ።

እንጦጦ ማርያም ደረስን። ጥዱ፣ ዝምታው፣ ባለ ብዙ ማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያን፣ በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ ያለው ቀለም! ነጠላቸውን ያጣፉ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ጸበል በጀሪካን የያዘች አንዲት ሴት መንገድ ለቀቀችልን። አፄ ምኒልክ ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው ብሎ አንድ ዲያቆን ነገረን፤ እኔ በተማሪ መጽሐፍ ያስተማርኩትን ቦታ በእግሬ መርገጤ አኮራኝ። እናቴ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን። ስመለስ ከተማው ከሥሯ ተዘርግቶ፣ ጭሱ በየሰፈሩ እየተነሳ፣ በዳነው ዓይኗ አትኩራ ታያለች።

«ያ ረጅሙ ጣሪያ ይታይሻል? ከዛፎቹ ወዲህ?»

«አዎ።»

«ሆስፒታሉ እሱ ነው። ቀና ብዬ ከሱቁ ይህን ተራራ አየዋለሁ፤ አሁን ደግሞ ከተራራው ሱቁን አየሁት።» ይህን ያለችው እንደ ልጅ ተደስታ ነው። እንዲህ ስትደሰት ካየኋት ብዙ ጊዜዬ ነበር፤ የያዘኝ ቅናት ይሁን ደስታ አልለየሁም።

ስንወርድ ዊንጌት ጋ ቆመን ሻይ ጠጥተን ሳምቡሳ በላን። ሳምቡሳው አሥር ሳንቲም፣ ትኩስ፣ ቃሪያው የሚያስለቅስ። እረፍት ላይ ያሉ ተማሪዎች በር በሩን ሞልተው ይጯጯሃሉ። ባለ ሻይ ቤቱ ገንዘብ አልቀበልም አለ፤ አባቱ ታመው የገቡ ጊዜ እናቴ ሾርባ ታመላልስላቸው ነበር።

እሑድ፣ ሱቁ ደጅ

ዛሬ የጥል ቀን ነው። እመት ሰዓዳ ነገ ወደ ኮምቦልቻ ትበራለች የሚለው ወሬ ሆስፒታሉ ውስጥ ተሰራጭቶ ኖሮ ከጠዋት ጀምሮ አስታማሚ ይጎርፋል። አንዱ ለልጁ የላስቲክ ጫማ፣ አንዷ ለእናቷ ሻሽ፣ ሌላው ለቤቱ የራዲዮ ድንጋይ፤ ሳሙና፣ መርፌና ክር፣ አንድ ኪሎ ስኳር። ሁሉም በጨርቅ ተቋጥሮ፣ መልእክቱ በአፍ ነው፦ «ደህና ናት በዪልኝ»፣ «ላሟን እንዳይሸጡ በዪልኝ»።

እናቴ ሁሉንም ትቀበላለች። «አምጡት፣ ኪሎ አለን። ሁለት ሰው ነን፣ አርባ ኪሎ!»

እኔ ደግሞ ከመርካቶ የመጋረጃ ጨርቅ፣ የሻይ ዕቃና ጫማ ገዝቼ ሻንጣዬ ጢም ብሏል።

«እማዬ፣ ያንቺስ ልብስ የት ሊገባ ነው? ጋቢሽ ብቻውን ሦስት ኪሎ ይሆናል!»

«አብሽሪ። የኔን ለኔ ተዪው።»

«ሚዛን ላይ ስንቆም አብሽሪ የሚለን የለም! እኔ ነኝ የምዋረደው!»

«አንቺ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች በማን ይላኩ? መንገዱ እንዲህ በሆነበት ጊዜ?»

ሰይድም መጣ። ሚስቱ ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ትገባለች። ለልጆቹ የምትሆን አንዲት ሎሚ የምታህል ቋጠሮ ከረሜላ ይዟል። ለእናቴ ሰጣትና ቆሞ ቀረ።

«ነገ እርስዎ የሉማ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ሲያስገቧት ይኖራሉ ብዬ ነበር።»

እናቴ ከረሜላውን መቀነቷ ውስጥ አስገባች። «አላህ ያውቃል» አለች ብቻ። እሄዳለሁም እቀራለሁም አላለችም፤ እኔም ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ማታ ሻንጣዋን ራሷ ዘጋች፤ ላግዝሽ ብላት እጄን መታ አደረገችው።

ሰኞ ንጋት፣ ቦሌ

ገና ሳይነጋ አቶ ደሳለኝ መጡ። ሁሴን ሻንጣዎቹን ጫነ። እናቴ አንድ ቀሚስና ነጠላዋን ለብሳ፣ ባዶ እጇን ከኋላ ተቀመጠች። ጋቢዋ የለም። ብርዱ እንዴት አልያዛትም ብዬ ገረመኝ፤ ግን ቸኩለናል።

ፈታሿ ሴት የእናቴን ሻንጣ አስከፈተች። እያንዳንዱ ቋጠሮ እየተፈታ «ይህ ምንድነው?» ይባላል፤ እናቴ ትመልሳለች፦ «ጫማ ነው፣ የሐይቅ ልጅ ጫማ፤ ይህ ሻሽ ነው፣ የከሚሴዋ።» እኔ ከጎኗ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ አንድ የማውቀው ቀሚስ፣ አንድ ሻሿ፣ መስገጃዋ ይወጣል ብዬ። ሻንጣው ሥሩ ድረስ ታየ። የእናቴ የሆነ አንድም ነገር የለም።

«እማዬ፣ ልብስሽስ?»

«ሁሴን ቤት። ሚስማሩ ላይ።»

«ምን ማለት ነው?»

«እኔ እዚህ ድረስ ልሸኝሽ ነው የመጣሁት። ዕቃው ይሂድ፤ ቲኬቱ ተከፍሎበታል። ያንቺስ ሻንጣ ብቻውን መጥቶ የለ?»

 ሁሴን ፊቱን አዞረ፤ ለካ ያውቅ ኖሯል። ከሚዛኑ ኋላ ያለው ወጣት ሠራተኛ ሰምቷል፤ አልሳቀም።

«እማማ፣ የልጅዎ ሻንጣ እሷን ተከትሎ ነው የመጣው። ባለቤቱ ያልበረረ ሻንጣ አይበርም። እርስዎ ከቀሩ ሃያው ኪሎም ይቀራል» አላት።

እናቴ ወደ ሚዛኑ ቀረብ አለች። ሻንጣውን አየች፤ ወደ መጣንበት መንገድ ዞራ አየች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሏል፤ ሰው ያያል፤ ግድ አልነበረኝም። «አንድ ዓመት ጠበቅኩሽ!»

«ብነግርሽ እሺ ትይኛለሽ? ልጄ፣ ኮምቦልቻ አንቺ ከትምህርት ቤት እስክትመጪ ቁጭ ብዬ በር ማየት ነው ሥራዬ። እዚህም ቁጭ ብዬ በር አያለሁ፤ ግን በበሩ ሰው ይመጣል። መንገዱ የጠፋው ሰው።»

«እኔስ?»

«አንቺማ መንገዱን ታውቂዋለሽ።»

ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና «በቃ፣ እሄዳለሁ። የሰው አደራ ተቀብዬ እዚህ አልጥልም» አለች። «ሁሴን፣ ለሰይድ ንገረው። በሩ ላይ እየጠበቀኝ ነው፤ ይቅርታ አድርግላት በለው። ሚስቱ የምትገባበትን በር አሳየው፤ ሁለት በር ስላለ ይሳሳታል።» ይህን ብላ ጫማዋን አወለቀችና በባዶ እግሯ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ማንም አውልቂ አላላትም።

እንግዲህ የፈለግኩት ሆነ። እናቴ ቲኬቷን ይዛ፣ ሚዛን ላይ ቆማ፣ ወደ ቤት ልትሄድ ነው። ሠራተኛው ክብደቷን ሊያነብ ጎንበስ አለ። እኔ የማየው ግን የእናቴን ባዶ እግር ነው። አንዲት ቅያሪ ልብስ እንኳ ሳትይዝ፣ ስለ ሰው ጫማና ሻሽ ብላ የምትሄድ ሴት ወስጄ ምን አደርጋታለሁ? ማታ ስገባ ማን ትሆነኛለች?

የራሴን ሻንጣ፣ መጋረጃውን፣ የሻይ ዕቃውን፣ ጫማውን እንደያዘ አንስቼ ለሁሴን ሰጠሁት። የእሷን ሻንጣ ጎትቼ ከእኔ ቲኬት ጎን አቆምኩ።

«እማዬ፣ ውረጂ ከሚዛኑ» አልኳት። «ይህ በእኔ ኪሎ ይሄዳል።»

አልገባትም፤ ሁለቴ ነው የነገርኳት። ሲገባት ጉንጬን ይዛ እንደ መጣሁ ቀን ሳመችኝ። ከመቀነቷ የሰይድን ከረሜላ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቼን አጠፈቻቸው። ከዚያ ጫማዋን አጥልቃ ወደ አቶ ደሳለኝ መኪና ሮጠች። ወገቧ አይችልም ብዬ አውሮፕላን የቆረጥኩላት እናቴ ሮጠች። ሠራተኛው ሻንጣውን መዘነው፤ ሃያ ሊሞላ ትንሽ ይጎድለዋል።

ዳኮታዋ ዞራ ስትነሳ እንጦጦ በክንፏ ሥር ታየኝ። ያን ረጅም ጣሪያ ፈለግኩት፤ ከዛፎቹ ወዲህ አገኘሁት። ከጎኔ ባዶ ወንበር ነበር። እንባዬ ቢመጣም እንደ መጀመሪያው ቀን ዓይኔን አልጨፈንኩም።

ኮምቦልቻ

ቋጠሮዎቹን ለማድረስ ቀሪው እረፍቴ አለቀ። ሐይቅ ወጣሁ፣ ከሚሴ ወረድኩ፤ ባቲ በገበያ ቀን ሄጄ ከረሜላውን ለሰይድ ልጆች ሰጠሁ። ያልተባረክሁበት ቤት የለም። እናቴ የት እንዳለች በነገርኳቸው ቁጥር «እዚያ ሰው አለን?» እያሉ ይደነቃሉ፤ ይህ ወሬ ከእኔ ቀድሞ በየመንደሩ ደረሰ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ማታ በሬ ተንኳኳ። ሰይድ ነው። ሚስቱ ከጎኑ በእግሯ ቆማለች፤ ከስታለች፣ ግን ቆማለች። በአውቶቡስ ሲመጡ የእኔን ሻንጣ በመካከላቸው ይዘውት ነው፤ ጣርማ በርን ያለፈው የሰይድ ጉልበት ላይ ሆኖ ነው። መጋረጃው አለ፣ ጫማው አለ፤ ከሻይ ዕቃው አንድ ስኒ ብቻ ጆሮው ተሰብሯል።

መጋረጃውን ሰቀልኩ። ባዶው ሻንጣ አልጋዬ ሥር ለመግባት ጊዜ አላገኘም። በማግስቱ አንዲት የማላውቃት ሴት ልጇን አዝላ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዛ ደጄ ላይ ቆመች። ባሏ ጳውሎስ ተኝቷል፤ በመጪው እረፍት ወደ እናቴ እንደምሄድ ሰምታለች።

«ኪሎ ይኖርሽ ይሆን፣ እህቴ?» አለች እየፈራች።

«ግቢ» አልኳት። «አምጪው፣ አለ።»